ጃርቱ ላይ ሰው አይቀመጥም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። «እማማ ብርቄ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። «ሜዳ እበሳ ነበር» ስለው ይስቃል። ይሳቅ። እዚህ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፍቶ ልጅ ያሳደገ አለ፤ ብረት በይዶ፣ ጨርቅ ነግዶ ያሳደገም አለ። መሬት እየበሳች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ግን ከእኔ ሌላ ካለች ትምጣና እንተዋወቅ።

ይህን መጻፍ ያስጀመረችኝ ሊዲያ ናት፤ ሜዳው ላይ በእኔ ቦታ የተተካችው ልጅ። ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እማማ፣ የነገሩኝን ሁሉ በጽሑፍ ያድርጉልኝ። ሲነግሩኝ ይጮሃሉ፤ ሲጮሁ ደግሞ እደነግጥና እረሳዋለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እጮሃለሁ። ትራክተር ላይ ያረጀ ሰው ዝግ ብሎ መናገር አይሆንለትም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢያበቃም ፊደል አይቸግረኝም። እንግዲህ ልጀምር፤ ገና ሳልጀምረው ደሜ ሞቀ!

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። ሣር እንደ ሰው ይታፈናል። ሜዳ ላይ ሰው ሲሮጥ፣ መኪና ሲቆም አፈሩ ይጠብቅና ጡብ ይሆናል። ውኃ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ሣሩ ይገረጣል። መድኃኒቱ መብሳት ነው። ማሽኑ በትራክተር የሚጎተት ከባድ የብረት በርሜል ሲሆን ዙሪያውን ውስጣቸው ክፍት የሆነ የብረት ጣቶች ተተክለውበታል። በርሜሉ ሲንከባለል ጣቶቹ መሬት ይገቡና እያንዳንዳቸው የጠርሙስ ቡሽ የሚያህል አፈር ነቅለው ይወጣሉ። እኛ ማሽኑን ጃርት ነበር የምንለው። ሥራውን የማያውቅ ሰው «ሜዳውን አበላሻችሁት!» ብሎ ይጮሃል። አንድ ደህና ዝናብ ሲጥልበት ግን ያ የገረጣ ሣር እንዴት ብድግ እንደሚል! መጀመሪያ ያየሁት ቀን እንደ ልጅ ነው የዘለልኩት።

ጣቶቹ ጠንካራ መሬት ውስጥ እንዲገቡ ክብደት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከበርሜሉ በላይ ክብደት የሚጫንበት ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን አለ። ይህ ሳጥን ልብ ይባልልኝ፤ የሥራ ዘመኔ ጉድ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ በሊሙ በኩል ባለ አንድ የቡና እርሻ፣ በቀን ሠራተኝነት። ስለ ደመወዙ ወረቀት አላበላሽም፤ ትንሽ ነበር፣ አበቃ። እርሻው የኳስ ቡድን ነበረው። ከአጋሮም ከጅማም እየመጡ ይጋጠሙት ነበር። ሜዳው ግን በቡና ለቀማ ወራት የጭነት መኪና ማቆሚያ ስለሆነ እንደ አስፋልት የደረቀ ነበር። እሱን የሚበሱት የትራክተሩ ሹፌር አባ ዲጋ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው።

ያገኙኝ ከካቦው ጋር ስጣላ ነው። ካቦው ለወዳጆቹ ጥላ ሥር ያለውን ሥራ እየሰጠ እኛን ፀሐይ ላይ ያውለን ነበር። «ጥላውም ፀሐዩም በተራ ይሁን!» ብዬ ስጮህ አባ ዲጋ ትራክተራቸውን አቁመው አዳመጡኝ።

«ያ ኢንተላ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ድምፅሽ ከሞተሬ ይበልጣል። እኔ ፊት ፊት ሳይ ከኋላ የሚጮህልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ትመጪያለሽ?»

«ከፀሐይ ከወጣሁ እመጣለሁ።»

«ፀሐዩስ አይቀርልሽም። እኔን መስማት ትጀምሪያለሽ እንጂ።»

የአባ ዲጋ ሥራ የሚጀምረው መሬቱ ላይ ነበር። ጠዋት ካቻቢቴ ይዘው ሜዳው መሃል ይንበረከኩና መሬቱን ይወጉታል። አልገባም ካለ፣ «ጠምቶታል፤ ውኃ ስጡትና ነገ እንመጣለን።» ጭቃ ይዞ ከወጣ፣ «ጠግቧል፤ ዛሬ ብንነዳበት መልሰን እናጠብቀዋለን።» ገፋ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ብቻ «ቢስሚላህ» ብለው ይነሣሉ። ከዚያ ጃርቱን ይዞሩታል። የላላ ቡሎን፣ የታጠፈ ጣት፣ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን፣ ሁሉንም በእጃቸው ይዳስሱታል። እኔ ደግሞ የውኃ ቧንቧ በተቀበረበት ሁሉ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት እተክላለሁ። ጃርት ቧንቧ ከበሳ ሜዳው ኩሬ ነው።

ሲነዱ ደግሞ! ሌላው ሹፌር ሰው ሲያየው ነዳጅ ይረግጣል። እሳቸው የሚነዱት ሰው የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ በሚራመደው እርምጃ ነው። ትንሽ ፈጠን ካሉ እኔ ከኋላ «ሱታ! ሱታ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ቀስ ማለት ነው። ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ መሪ ከመጠምዘዛቸው በፊት ጃርቱን ከመሬት ያነሡታል። ጣቱ መሬት ውስጥ እያለ የሚታጠፍ ሰው ሣሩን እንደ ቆዳ ይገፈዋል፤ ጣቱንም ይሰብራል። ወደ ኋላ መንዳትም እንደዚያው ነው፤ ሳያነሡ አይሞከርም። ጭቃ ጣቶቹ መሃል ሲቀረቀር ሞተር ያጠፋሉ፣ የእጅ ፍሬን ይስባሉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባሉ፣ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ ያጠልቃሉ። እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሞተሩ እየሠራ ጎንበስ ብዬ ጭቃ ልነቅል ስል ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ አባ።»

«አይደለም፤ የልጆችሽ ነው። አስፈቅደሻቸዋል?»

ይህን ያህል ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ሳጥኑ ላይ ግን ሰው ይቀመጥ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ ነበር። አሸዋ በጆንያ ሞልቶ መጫን፣ ማታ ደግሞ ማውረድ አድካሚ ነው። ሰው ግን ራሱ ወጥቶ ራሱ ይወርዳል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ እዚያ መቀመጥ እንደ ሽልማት ነው። ቡና ስትኮተኩት ወገቧ የተቆረጠ ሴት እግሯን አንጠልጥላ ሜዳ ስትዞር መዋልን እንዴት ትጥላ? ሳጥኑን «ወንበሩ» ነበር የምንለው። ካቦው ለወዳጆቹ እንዳይሰጠው ሠራተኛው ራሱ ተራ አውጥቶለት ነበር፤ የሰው ተራ የሚነካ ወየውለት! ሁላችንም ይህን ፍትሕ ነው ብለን እንኮራበት ነበር። አባ ዲጋም ብረቱን ሁሉ ዳስሰው ሲጨርሱ ዘወር ብለው፣ «ዛሬ ወንበሩ የማን ነው?» ይላሉ።

ያን ቀን የፈቲያ ነበር። ፈቲያ የአጋሮ ልጅ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ። እየሳቀች ወጥታ ተደላደለች።

«አባ ዲጋ፣ ወላሂ ዛሬ መሬቱን ከሥር ሰማይ እስኪታይ ነው የምበሳው!»

«ያዢ ብቻ፤ ሰማዩን ኋላ ታሳዪናለሽ» አሏት።

ከጎሉ ጀርባ አፈር የሸፈነው የቆየ የዛፍ ጉቶ ነበር። ማናችንም አናውቅም። ጃርቱ ጉቶውን ሲያገኘው ዘለለ። ፈቲያ ወደ ፊት ተንሸራተተች፤ በእጇ ሳጥኑን ያዘች፣ አንድ እግሯ ግን በርሜሉ ጋ ደረሰ። ጮኽኩ። አባ ዲጋ ወዲያው አቆሙ። ለጃርት ግን ወዲያው ማቆም አይበቃም፤ ያ ሁሉ ብረት ትንሽ ተንከባልሎ ነው የሚቆመው።

በቡና መኪና ጅማ ሆስፒታል አደረስናት። እግሯ ተረፈ። የእግር ጣቶቿ አልተረፉም፤ ተረከዟም እንደ ድሮው አልገጠመም።

የእርሻው አለቆች «ማን ተቀመጪ አላት?» አሉ። አባ ዲጋ ቢሮ ገብተው ሳይቀመጡ ተናገሩ። «እኔ ነድቻለሁ። ካቦው አይቷል። እናንተም በየቀኑ በዚህ መስኮት ታዩን ነበር» አሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጮህ ዋልኩ። በመጨረሻ ፈቲያ ስትድን ችግኝ ጣቢያ ተቀምጣ እንድትሠራ ተደረገ። ቢያባርሯት ኖሮ እስካሁን እዚያው በር ላይ ነኝ።

አባ ዲጋ ከዚያ በኋላ ሳቃቸው ቀነሰ። በያጅ አስጠርተው ሳጥኑ ላይ ሰው መቀመጥ እንዳይችል ፌሮ አስበየዱበት፤ ጆንያ ግን በመሃሉ ይገባል። ብየዳው ሲያልቅ፣ «ያ ኢንተላ፣ ብረቱን ሁሉ ስዳስስ ኖሬ ልማዱን አልዳሰስኩትም» አሉኝ። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥላና ፀሐይ በተራ ይካፈላሉ። አደጋን ግን በተራ ስላደረጉት ፍትሕ አይሆንም፤ ያን ቀን ተራው የደረሰው ሰው ብቻውን ነው የሚጎዳው።

መሪውን የሰጡኝም ያን ሰሞን ነው። «በይ ውጪ፤ አሁን ከኋላ ሆኜ የምጮህ እኔ ነኝ» አሉኝ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ትራክተሩ እንደ በሬ ተንዘፈዘፈ፤ ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ያየኛል፤ ካቦው አፉን ከፍቷል። ዘወር ብዬ ሳይ ጃርቱ ከኋላዬ እኩል እኩል እየበሳ ይከተለኛል! እንዲህ ያለ ደስታ ሠርጌ ቀን እንኳ አላየሁም፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማርና አይቀየመኝም።

ዓመታት አለፉ። እርሻው ወደ ግል ሲዞር አባ ዲጋ ጡረታ ወጡ፤ እኔ ጅማ ከተማ አንድ የኳስ ማዘውተሪያ ውስጥ በሹፌርነት ተቀጠርኩ። ትንሽ ቆይቼ ፈቲያንም አስቀጠርኳት፤ ውኃ የምታጠጣው፣ የተቀደደ ጆንያ የምትሰፋው እሷ ናት። ጃርቱ አዲስ ነበር፤ ቀለሙ ያበራል፣ ሳጥኑም ንጹሕና ሰፊ። ሳየው ደስታዬ ግማሽ ነበር፤ ደህና አድርጎ ስድስት ሰው ያስቀምጣል።

ኃላፊው አቶ ተሾመ ይባሉ ነበር። ክፉ አልነበሩም፣ ችኩል ነበሩ። ሲደሰቱ «ወይዘሮ ብርቄ፣ እርስዎ» ይሉኛል፤ ሲቆጡ «አንቺ» ይሉኛል። ቁጣቸውን ለማወቅ ፊታቸውን ማየት አያስፈልግም ነበር።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ትልቅ ውድድር ወደ ከተማችን ሊመጣ ሆነ። ሜዳው ደርሶ ካልተገኘ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል ተባለ። ዝናቡ ብዙ ቀን አዘግይቶን ሲያበቃ በመጨረሻ ካቻቢቴዬ ንጹሕ ሆኖ የወጣበት ጠዋት መጣ። አሸዋ የሚያመጣው መኪና ግን ቀረ። አቶ ተሾመ እየተጣደፉ መጡ።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ ምን ይጠብቃሉ?»

«አሸዋ።»

«ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ አሸዋ ይጠበቃል? በሉ፣ እናንተ ሴቶች፣ ውጡበት!»

የቀን ሠራተኞቹ እየተሳሳቁ መውጣት ጀመሩ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ።

«ሰው አልጭንም።»

«ውድድሩ ሊያመልጠን ነው እኮ! ገባሽ?»

አንቺ መጣ።

«ገብቶኛል፣ አቶ ተሾመ። ሰው ግን አልጭንም።»

«እንግዲያው ቁልፉን አምጪ! የሚነዳ ሞልቷል። አንቺ ከነገ ጀምሮ አጥር ሥር ሣር ታጭጃለሽ።»

ሳጥኑ ላይ ከወጡት አንዷ፣ «እማማ፣ ይተዉን እንጂ፤ ወገባችንን እናሳርፍበት!» አለችኝ። ያቺ ልጅ ፊቷ በደስታ ያበራ ነበር፤ ልክ እንደዚያን ቀን ፈቲያ። ቁልፉን ከሰጠሁ ሌላው ይነዳል፣ እነሱም ይቀመጣሉ። ካልሰጠሁ መሪዬን አጣለሁ። ደሜ ፈላ፤ ደሜ ሲፈላ ደግሞ ነገር ይመጣልኛል።

«እሺ» አልኩ። «የፈለጉት ክብደት ነው አይደል? እንግዲያው በሚዛን ይሁን። ከሁላችን የሚከብደው ይቀመጥ። ቅንጥብጣቢ ለምታክል ልጅ ምን በወጣት?»

ከመንገዱ ማዶ የቡና መጋዘን አለ፤ ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ደጁ ላይ ነው። ሠራተኛው ነገሩን እንደ ሠርግ ያዘው። እየተንጋጋ ተሻገረ። አንድ በአንድ ወጣን፤ ሚዛን ያዡ እየጮኸ ይናገራል፤ ሰው ይስቃል። ፈቲያ ስትወጣ፣ «እኔን ከነጫማዬ አትመዝነኝ፣ ጫማው ነው የከበደ!» አለችው። አቶ ተሾመ ሊጎትቱን ተከትለውን መጥተው ነበር።

«ቀልድ ነው እንዴ?» አሉ።

«ይውጡ! ይውጡ!» አለ ሰዉ።

ኩሩ ሰው ስለሆኑ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ሚዛን ያዡ ቁጥሩን ሳይናገር ዝም ብሎ አየን። ፈቲያ ናት የተናገረችው።

«ማሻአላህ! አቶ ተሾመ፣ እርስዎ እያሉ አሸዋ መጠበቃችን ምን ነክቶን ነው?»

ሰዉ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ቀሉ። «እቀመጣለኋ! ምን አለበት?» ብለው መንገዱን ተሻግረው፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። «ንጂ!»

ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ በእጄ ነው። ልነዳም አላሰብኩም። ፈቲያ እያነከሰች ቀረበች፤ አሁን አትስቅም።

«ጌታዬ፣ እግርዎን የት ነው ያሳረፉት?»

«ይኸው፤ እዚህ።»

«ዝቅ ብለው ይዩት።»

ዝቅ ብለው አዩ። የጫማቸው ጫፍ ከብረቱ ጣቶች በላይ ተንጠልጥሏል፤ በመሃል ያለው ክፍተት እጅ አያሳልፍም።

«እኔም እዚያው ነበር ያሳረፍኩት» አለችና ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፤ ካልሲዋንም።

እነዚያ ሲስቁ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ተሾመ ቀስ ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ያን የሚያህል ሰው ጉልበቱን አቅፎ ለአፍታ ተቀመጠ። ከዚያ በጎን በኩል ተንሸራተው ወረዱ። የፈቲያን ጫማ አንሥተው ሰጧት።

«ማን ነው ያስቀመጠሽ?» አሏት፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ማንም። ተራዬ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞሩ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ከመጋዘኑ ባዶ ጆንያ ተዋሱ! አሸዋ ከሌለ አፈር አይከብድም እንዴ?»

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ከአጥሩ ሥር አፈር ተዛቀ፤ አቶ ተሾመ ኮታቸውን አውልቀው የጆንያ አፍ ይይዛሉ፤ ፈቲያ በወስፌ ትሰፋለች፤ ሴቶቹ ይጭናሉ። ቡና የሚሸት ጆንያ ሳጥኑ ላይ ሞላ፤ በገመድ ጥፍር አድርገን አሰርነው። ሞተሬን አስነሣሁ። ጣቶቹ እስከ ሥራቸው ገቡ፣ የአፈሩ ቡሽ ረድፍ ረድፉን ይዞ ወጣ። ያቺ ወገቧን ልታሳርፍ የፈለገች ልጅ ከኋላዬ ሆና፣ ማንም ሳያስተምራት «ሱታ፣ እማማ! ሱታ!» ትለኛለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ ሣሩ ተነሣ።

ውድድሩም መጣ። በመክፈቻው ቀን ጃርቱ ታጥቦ፣ ከነጆንያው ከትሪቡኑ ጎን ቆሞ ነበር። እኔና ፈቲያ አጠገቡ ቆመናል። የክብር እንግዳ ሆነው የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ማሽኑን ወደዱት። «እስቲ እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ፎቶ አንሡኝ» ብለው አንድ እግራቸውን ሰቀሉ። አጃቢው ሁሉ ካሜራ አወጣ። እኔ አፌን ከፈትኩ።

ግን አልደረስኩም። አቶ ተሾመ ከትሪቡኑ ላይ ደረጃውን እየዘለሉ፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ዞሮ ሲሮጡ መጡ። ለሳቸው እኚያ እንግዳ የአለቃ አለቃ ናቸው።

«ይውረዱ! ክቡር ሆይ፣ ይውረዱልኝ!»

እንግዳው እግራቸውን እንደ ሰቀሉ ደንግጠው ዞሩ። «ምነው? ፎቶ ብቻ እኮ ነው። ሞተሩም ጠፍቷል።»

አቶ ተሾመ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ የፈቲያን ጫማ። ከዚያ በአፈር የተሞሉትን ጆንያዎች በእጃቸው እያሳዩ፣ በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብለው፣

«ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ» አሉ። «ወንበሩ ተይዟል።»